የመሪ አንደበት የወደደ ሰው ምን ያድርግ? በምኒልክ የክተት አዋጅ የሚሠራ ልምምድ

"ወይ አነጋገር!" እንላለን። ቪዲዮውን ለጓደኛ እንልካለን። ሁለት ቀን አፋችን ላይ ይከርማል። ከዚያ የዕድር ደብዳቤ ጻፉ ስንባል፣ ወይም ሰርግ ላይ ማይክ ሲሰጠን፣ ያው "እንደሚታወቀው" ብለን እንጀምራለን። ያደነቅነው ንግግር ጠብ ያደረገልን ነገር የለም።

ማድነቅ ብቻውን እጅ አይፈታም። እጅ የሚፈታው ጽሑፉን ዘርግቶ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር፣ "ይቺ እዚህ ምን ትሠራለች?" እያሉ ሲመረምሩት ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለዚያ የሚሆን ነው። ለማሳያ የዳግማዊ ምኒልክን የክተት አዋጅ ይዣለሁ፤ መስከረም 1888 ዓ.ም. የታወጀውን፣ የካቲት 23 ዓድዋ ላይ የደረሰውን። ከፊሉን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። እንዴት እንደተሠራ ግን ብዙዎቻችን አላየነውም።

የሚያስፈልገው የታተመ ጽሑፍ፣ ደብተር፣ ሁለት ቀለም እስክሪብቶና ድምፅ የሚቀዳ ስልክ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል።

1. አጭር ጽሑፍ ምረጡ፣ ቃሉን አጣሩ

መሪውን ሳይሆን ጽሑፉን ምረጡ። "የእገሌን አነጋገር እወዳለሁ" ሰፊ ነው፤ አይጨበጥም። አንድ ንግግር፣ አንድ ደብዳቤ፣ አንድ አዋጅ ይዛችሁ ተቀመጡ። ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ሙሉው ግን መሆን አለበት። ፎቶ ላይ የተለጠፈ ጥቅስ አይሆንም፤ አጀማመሩና አጨራረሱ አብሮ ተቆርጧልና።

ከዚያ ማጣራት። የክተት አዋጁ የካቲት በመጣ ቁጥር ቴሌግራም ላይ ይዞራል፤ አንዳንዱ እየጨመረበት ነው የሚያዞረው። ሁለት የታተሙ መጻሕፍት አመሳክሩ። የቦታውን ስም አንዱ "ወረኢሉ" ሌላው "ወረይሉ" ቢል አያስጨንቅም። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር በአንዱ ኖሮ በሌላው ከሌለ ግን ጠርጥሩ፤ በተለይ ዘመንኛ ከሸተተ። "ሉዓላዊነት" የሚል ቃል ካያችሁ እሱ የምኒልክ አዋጅ አይደለም።

"ንጉሡ ራሳቸው ናቸው የጻፉት ወይስ ጸሐፊያቸው?" ብሎ የሚከራከር ጓደኛ አይጠፋችሁም። ለዚህ ልምምድ ልዩነት የለውም። የምንማረው ከጽሑፉ ነው።

2. ጮክ ብላችሁ አንብቡ

አዋጅ ለዓይን አይጻፍም ነበር። ነጋሪት ይጎሰማል፣ ሰው ይሰበሰባል፣ አዋጅ ነጋሪው ቆሞ ያሰማል፣ የሰማው ላልሰማው ያደርሳል። ገበሬው ወረቀቱን አያየውም። አንድ ጊዜ ሰምቶ፣ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ መድገም ካልቻለ አዋጁ ከሸፈ ማለት ነው።

ስለዚህ ሦስት ጊዜ አንብቡት። መጀመሪያ እንዲሁ። ሁለተኛ፣ የተነፈሳችሁበት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ጭረት እያደረጋችሁ። ሦስተኛውን ስልካችሁ ላይ ቅዱትና አዳምጡት። "አልተውህም" ስትደርሱ ድምፃችሁ ምን እንደሆነ ልብ በሉ። አንድ ቃል ብቻውን ዓረፍተ ነገር ሆኖ ቆሟል። ማንም ሳይነግራችሁ እዚያ ጋ ዝም ትላላችሁ።

ለማነጻጸር በዚያው ስልክ አንድ የዘመናችንን የመሥሪያ ቤት መግለጫ አንብባችሁ ቅዱ። ትንፋሽ የሚያጥርበትን ቦታ ታገኙታላችሁ። ብዙ ጊዜ "ከማድረግ አንጻር" አካባቢ ነው።

3. በእጅ ገልብጡ፣ በትይዩ የምትሠራውን ጻፉ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፤ አትቸኩሉበት። የደብተሩን ገጽ ለሁለት ክፈሉ። በግራ አዋጁን በእጃችሁ ገልብጡ። ኮፒ ፔስት አይሠራም፤ እጅ ሲጽፍ ዓይን የዘለለውን ያያል። በቀኝ፣ በሌላ ቀለም፣ እያንዳንዷ ዓረፍተ ነገር ምን እንደምትል ሳይሆን ምን እንደምትሠራ ጻፉ።

እኔ እንዲህ ነው የሞላሁት።

"እግዚአብሔር በቸርነቱ እስካሁን ጠላት አጥፍቶ አገር አስፍቶ አኖረኝ።" ሥራዋ፦ ያለፈውን ድል ታስታውሳለች፣ ግን ፉከራ አይደለችም። አድራጊው እግዚአብሔር ነው፤ ንጉሡ የተደረገላቸው ናቸው። "አጥፍቶ፣ አስፍቶ፣ አኖረኝ" የሚለውን በጆሯችሁ ስሙት። ሦስቱም በ"አ" ይጀምራሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቤት ይመታሉ። "ታላቅ"፣ "አኩሪ"፣ "ታሪካዊ" የሚል ቅጽል የለም። ሸክሙን ግሶቹ ተሸክመውታል።

ቀጥሎ የራሳቸው ሞት ይመጣል። ሞት የሁሉ ነው፣ ስለ እኔ ሞት አላዝንም ይላሉ። ሥራዋ፦ ሰውን ለሞት ከመጥራት በፊት የራስን ሞት መጨረስ። ቦታዋን ተመልከቱ። ይቺ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ብትመጣ ኖሮ ፉከራ ትሆን ነበር። መጀመሪያ ላይ ስለመጣች ሒሳብ መዝጋት ሆነች።

ከዚያ ጠላት። "አገር የሚያጠፋ ሃይማኖት የሚለውጥ።" ሁለት ነገር ብቻ፤ ሁለቱም የሰሚው የራሱ ናቸው።

ከዚያ በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ የከበደችው ሐረግ፦ "የአገሬን ከብት ማለቅ የሰውን ድካም አይቼ።" ስድስት ቃል። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ የከብት በሽታ አገሩን ጠርጎት ነበር። በሬ አለቀ፣ መሬት ጦም አደረ፣ ረሃብ ገባ። ክፉ ቀን ይባላል። አዋጁን የሰማ ሰው ሁሉ ያንን ዘመን በዓይኑ ያየ ነው። ምኒልክ ግን ረሃቡን አልተረኩም፣ አላለቀሱበትም። ስሙን ጠርተው አለፉ። ሰሚው የቀረውን ራሱ ይሞላዋል። ደግሞ ሌላ ሥራም ትሠራለች፤ "ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አሉ?" የሚለውን ጥያቄ ሳይጠየቅ መልሳለች። ሰዎች ሊጠይቋችሁ የሚችሉትን ከባድ ጥያቄ ቀድማችሁ በአንድ ሐረግ መመለስ፣ ከዚህ አዋጅ አንድ ነገር ብቻ ውሰዱ ብባል ይሄን እወስድ ነበር።

"እንደ ፍልፈል መሬት ይቆፍር ጀመር።" በአዋጁ ውስጥ ያለችው ምሳሌ ይቺው ናት። ለምን ፍልፈል? አንበሳ ወይም ዘንዶ ማለት ይቻል ነበር። ግን ጠላትን ዘንዶ ብትለው ሰው ይፈራል። ፍልፈልን ገበሬው ያውቀዋል። ትንሽ ነው፣ ከሥር ነው የሚሄድ፣ ማሳ ያበላሻል፣ ምን እንደሚደረግም ይታወቃል። ንቀትም ማስጠንቀቂያም በአንድ እንስሳ።

አሁን ወደምወዳት መስመር ደረስን። "ያገሬ ሰው ካሁን ቀደም የበደልኩህ አይመስለኝም። አንተም እስካሁን አላስቀየምከኝም።" ሥራዋ፦ ከመጠየቅ በፊት ግንኙነቱን ማጽዳት። "አይመስለኝም" የሚለውን ሁለት ጊዜ አስምሩበት። ንጉሠ ነገሥት ናቸው። "አልበደልኩህም" ቢሉ ማን ይከራከራቸው ነበር? "አይመስለኝም" ሲሉ ግን ተበድያለሁ ለሚል ሰው ትንሽ በር ተዉለት። ያ ሰው ቢያንስ አዋጁን እስከ መጨረሻው ይሰማል። ደግሞ "አንተ" ነው የሚሉት። ለሚሊዮን ሰው እየተናገሩ፣ አንድ ሰው ብቻ ፊት ለፊታቸው እንደቆመ አድርገው።

ጥያቄው በአቅም ተከፍሏል። ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ የሌለው ለልጁ፣ ለሚስቱና ለሃይማኖቱ ሲል በሐዘን ይርዳ። ሽማግሌ፣ በሽተኛ፣ ባልቴት ሁሉም ድርሻ አገኘ። "እኔን አይመለከተኝም" ብሎ የሚወጣ የለም።

ከዚያ ማስፈራሪያው። ወስልቶ የቀረ ኋላ ይጣላኛል፣ "አልተውህም"፣ "ማርያምን ለዚህ አማላጅ የለኝም"። ዓረፍተ ነገሮቹ እያጠሩ መጡ። አማላጅ የለኝም ማለት በእኛ አገር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ሁሉ ነገር በሽምግልና በሚያልቅበት ምድር ያንን በር ዘግተውታል። እስከዚህ ድረስ ለስለስ ብለው ስለመጡ ነው ይሄ የሚከብደው። ከመጀመሪያው ቢቆጡ ኖሮ እዚህ የሚጨምሩት ድምፅ አይኖራቸውም ነበር።

አጨራረሱስ? "ዘመቻዬ በጥቅምት ነውና የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ድረስ ወረኢሉ ከተህ ላግኝህ።" አለቀ። ቀንና ቦታ። መፈክር የለም፣ ግጥም የለም። ሰሚው ቤቱ ሲገባ የሚያስበው ስለ ታሪክ ሳይሆን ስለ ስንቁ ነው። አዋጁ የተፈለገውም ለዚያ ነው።

4. ያልተባለውን ዘርዝሩ

የቀኙን ገጽ ስትጨርሱ ከሥሩ መስመር አስምሩና "የሌለው" ብላችሁ ጻፉ። የውጫሌ ውል የለም። አንቀጽ 17 የለም። ጣሊያን የሚለው ስም እንኳ የለም። የጠቡ ሁሉ መነሻ እኮ ያ ውል ነው! ምኒልክ ግን ስለ ውልና ስለ ወሰን የሚሉትን ለሌላ ሰሚ ነበር ያስቀመጡት። ሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ የአገሪቱን ወሰን ከየት እስከ የት እንደሆነ በዝርዝር አስቀምጠዋል። ያ ደብዳቤ ለዲፕሎማት ነው፤ ካርታ ዘርግቶ ለሚያነብ ሰው። አዋጁ ደግሞ ማሳው ላይ ላለ ሰው።

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ብታነቡ የአንድን ሰው ሁለት አንደበት ታያላችሁ። ብዙ ሰው "ስታይል" ሲባል አንድ ዓይነት ድምፅ ይመስለዋል። ጎበዝ ተናጋሪ ለማን ምን እንደሚተው የሚያውቅ ነው።

5. አጥንቱን ወስዳችሁ የራሳችሁን ጻፉ

ከአዋጁ የሚወሰደው ቃሉ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። በሰላም ኖረናል፤ ይሄ ነገር መጣ፤ እስካሁን በዚህ ምክንያት ታገስኩ፤ አሁን ግን አልቻልኩም፤ በመካከላችን ቂም የለም፤ የምትችል በዚህ፣ የማትችል በዚያ፤ በዚህ ቀን እዚህ ቦታ።

አሁን በእውነት የሚያስፈልጋችሁን አንድ መልእክት ውሰዱ። ለምሳሌ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ ለውሃ ፓምፕ መዋጮ ይፈልጋል እንበል። የተለመደው እንዲህ ነው፦

"ውድ የሕንፃችን ነዋሪዎች፣ እንደሚታወቀው ከውሃ አቅርቦት ጋር ተያይዞ በተደጋጋሚ የሚስተዋሉ ችግሮችን በዘላቂነት ከመቅረፍ አንጻር የፓምፕ ግዢ ለመፈጸም ታሳቢ የተደረገ በመሆኑ ሁሉም ነዋሪ የበኩሉን አስተዋጽኦ እንዲያበረክት በአክብሮት እናሳስባለን።"

ይሄን አንብቦ ኪሱ የገባ ሰው አለ? ስንት ብር? መቼ? ለማን? አሁን በአዋጁ አጥንት፦

"ጎረቤቶቼ፣ እስካሁን ተስማምተን ኖረናል። መዋጮ ተጠይቆ የቀረ ሰው አላውቅም። ፓምፑ ግን አበቃለት። ኑሮ መወደዱን አይቼ ሁለት ጊዜ አስጠግኜው ነበር፤ አሁን ጠጋኙም አልነካም ብሏል። መክፈል የምትችሉ 1,500 ብር። ባንዴ የማይሆንላችሁ በሦስት ወር። ገንዘብ የሌላችሁ አሮጌውን ስናወርድ በጉልበት አግዙን። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ታንከሩ ጋ እንገናኝ።"

ሁለት ነገር ቀይሬያለሁ። አንደኛ፣ ማስፈራሪያውን አውጥቻለሁ። የኮሚቴ ሰብሳቢ "አልተውህም" ቢል ግሩፑ ላይ ስቲከር ነው የሚዘንብበት። ሁለተኛ፣ "አንተ"ን ትቻለሁ። ንጉሥ ሕዝቡን አንተ ማለት ይችላል፤ እናንተ ግን አራተኛ ፎቅ ያሉትን እማማን አትችሉም። መርሁ ግን አልተቀየረም። ስትጽፉ አንድ የምታውቁትን ሰው ፊታችሁ አስቀምጡና ለእሱ ጻፉ፤ መጠሪያውን እንደ ባህላችን አስተካክሉት። (እኔም ይኸው ሙሉ ጽሑፉን "እናንተ" እያልኩ ነው። ያሰብኩት ግን አንድ ሰው ነው፤ ዘንድሮ የዕድር ጸሐፊ ሆኖ የተመረጠ ጓደኛዬን።)

ሦስት ጊዜ ጻፉት። በሁለተኛው ላይ "አንጻር"፣ "ተያይዞ"፣ "በመሆኑም" የሚሉትን ሁሉ አውጡ። በሦስተኛው ላይ ጮክ ብላችሁ አንብቡና የተደናቀፋችሁበትን አሳጥሩ።

6. ድምፁ ካለ በድምፁ ሥሩ

ምኒልክ ከተነሱ አብሮ የሚነሳ የአንድ ዘመዳቸው ንግግር ደግሞ በፊልም ተቀርጾ ይገኛል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት በአማርኛ ተናገሩ። ገና ከመጀመራቸው የጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨትና በጩኸት በጠበጡ። እሳቸው አልተጨቃጨቁም። ጩኸተኞቹ እስኪወጡ ቆመው ጠበቁ። አዳራሹ ጸጥ ሲል ጀመሩ። ለተናጋሪ ይሄ ራሱ አንድ ትምህርት ነው፤ ጩኸት ውስጥ አትጀምሩ።

ቀረጻ ስታገኙ መጀመሪያ ምስሉን አጥፍታችሁ ድምፁን ብቻ ስሙ፤ ዝም ያሉበትን ቁጠሩ። ቀጥሎ ድምፁን አጥፍታችሁ እጃቸውንና አንገታቸውን እዩ። የጄኔቭን ቀረጻ እንዲህ ብታዩት እጅ ማወናጨፍ እምብዛም አታገኙም።

ከዚያ ወደ ጽሑፉ ተመለሱ። ስለ መርዝ ጋዙ የተናገሩበትን ክፍል ፈልጉ። "ኢሰብአዊ ጭካኔ" ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እሳቸው ግን እንዴት እንደተደረገ ነው የነገሩት። አውሮፕላኖቹ ዘጠኝ፣ አሥራ አምስት፣ አሥራ ስምንት እየሆኑ ተከታትለው እንደመጡ፣ የሚረጩት ጉም ተያይዞ አንድ ሽፋን እንደሆነ፣ ሰውም ከብትም ወንዝም እንዳልቀረው። ሰሚው ጭካኔ የሚለውን ቃል ራሱ እንዲያመጣው ተዉለት። ልክ እንደ ከብቱ ማለቅ።

አጨራረሳቸውን ከምኒልክ ጋር አስተያዩ። ምኒልክ በትእዛዝ ጨረሱ። ኃይለ ሥላሴ ለሕዝቤ ምን መልስ ይዤ ልመለስ ብለው በጥያቄ ጨረሱ። ጦር ያለው ሰው ቀንና ቦታ ይሰጣል። ጦሩ የተበተነበት፣ የቀረው አቤቱታ ብቻ የሆነ ሰው ደግሞ ኃላፊነቱን በጥያቄ ሰሚው ጭን ላይ ያስቀምጣል። እናንተም ስትጨርሱ መጀመሪያ ይሄን ጠይቁ፤ የማዘዝ አቅም አለኝ ወይስ የመጠየቅ ብቻ?

7. አንደበቱን ከሥራው ለዩ

ይሄን ደረጃ አትዝለሉት። የሚያምር አንደበት ፍርድን ያደነዝዛል። ምኒልክ ለአንዱ የዓድዋ አባት ናቸው፤ በደቡብ የዘመቻቸውን ጠባሳ ለሚያስታውስ ሌላው ደግሞ ስማቸው ሌላ ነገር ያስታውሳል። አዋጁ በደንብ የተጻፈ መሆኑ ይሄን ክርክር አይፈታውም፤ መፍታትም የለበትም። ከደብተሩ ኋላ ሁለት ዝርዝር ያዙ፤ አንዱ "እንዴት አለው"፣ ሌላው "ያለው እውነት ነው ወይ፣ ምንስ ተከተለ"።

ለምን እንደምል የማይገባው ካለ ሚያዝያ 1969 ዓ.ም.ን ያስታውስ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ደም መሳይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች እያነሱ ከሰከሱ። እንደ ንግግር ጥበብ ብቻ ካየነው ያየ ሰው አልረሳውም፤ ከቃል በላይ ሠርቷል። የተከተለው ግን ቀይ ሽብር ነው። በመጀመሪያው ዝርዝር "ዕቃ ይዞ መናገር ኃይል አለው" ብላችሁ ትጽፋላችሁ። በሁለተኛው የምትጽፉትን ወላጆቻችሁ ይነግሯችኋል።

ቀላል መፈተኛም አለ። የወደዳችሁትን ንግግር ስሙን አጥፍታችሁ ለአንድ ተጠራጣሪ ጓደኛ ስጡት። ያለ ስሙ ካልቆመ፣ የወደዳችሁት ሰውየውን ነው።

8. የማይቀዳ

ያረጀ ቃል አትቅዱ። "ከተህ ላግኝህ" በ1888 የዕለት ቋንቋ ነበር፤ ዛሬ ቲያትር ነው። የመሪውን የድምፅ ቅላጼም አትምሰሉ፤ ለቀልድ ካልሆነ። ፍልፈሏንም ተዉአት፤ የራሳችሁን ሰፈር እንስሳ ፈልጉ፣ ካስፈለገ ብቻ።

አዋጁን ከጨረሳችሁ በኋላ ሁለተኛው ጽሑፍ የማትወዱት መሪ ይሁን። እዚያ ላይ ቀኙን ገጽ መሙላት ይከብዳል፤ እጅ "ውሸት" ብሎ ሊጽፍ ይፈጥናል። እሱን ወደ ኋላው ዝርዝር አዛውሩትና እዚህ ዓረፍተ ነገሯ የምትሠራውን ብቻ ጻፉ።